መዝጊያው የት ነው?
ዛሬ ግቢያችን ውስጥ ከላይኛው ፎቅ ውሃ ሲወርድ፣ መዝጊያው የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። እባካችሁ ሳትተኙ የቤታችሁን ዋና የውሃ መዝጊያ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ቆጣሪው አጠገብ ወይም መታጠቢያ ቤት ነው። ዝጉትና ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃው ጨርሶ መቆሙን እዩ። ለዓመታት ያልተነካ መዝጊያ የኖራ ዝቃጭ ይይዘውና በጭንቅ ሰዓት አልዞርም ይላል፤ በዓመት ሁለቴ አዙሩት። ክብ እጀታ ያለው ከሆነ እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ ሩብ ዙር መልሱት፣ ያኔ አይነክስም። እምቢ ያለውን በፒንሳ አታስገድዱ፤ ዘንጉ ከተሰበረ ጣጣው ይብሳል። ባለሙያ ጠርታችሁ አሠሩት።

ከዚያ ሲንኩ ስር ያለውን ፍሌክሲብል ቱቦ በደረቅ ሶፍት ጥረጉት፣ በተለይ ጫፍና ጫፉን። ሶፍቱ ከረጠበ ወይም ዝገት ከታየ ቶሎ ይቀየር። ቱቦው ሲፈነዳ የሚጎዳው የታች ጎረቤትም ነው።

የመብራት ማቋረጫዎቹ (ብሬከሮቹ) ላይ ደግሞ የየትኛው ክፍል እንደሆኑ ጽፋችሁ ለጥፉ። የእጅ ባትሪ በር አጠገብ ይኑር።

ለመጠባበቂያ በሰው በቀን 4 ሊትር አስባችሁ የ3 ቀን ውሃ ያዙ፤ ራሳችሁ የቀዳችሁትን በየ6 ወሩ ቀይሩት። ውሃ ሲጠፋ ደግሞ የሞከራችሁትን ቧንቧ ሳትዘጉ ከቤት አትውጡ፤ ውሃው ሲመለስ ቤቱን የሚያጥለቀልቀው ያ ነው።