ከግድግዳው ሰባት እርምጃ

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በዚህ ሰዓት የሚደወልልኝ ለሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወይ ሰው ታሟል ወይ ቧንቧ ፈንድቷል። ቧንቧ ነበር፤ ሥራዬ የድሬዳዋን የውሃ መስመር መጠገን ነው። ቦታው ከዚራ፣ ዛፎቹ ከላይ ተጋጥመው ጥላ ከሚሠሩባቸው መንገዶች አንዱ ላይ።

ስደርስ ውሃው አስፋልቱን ሰንጥቆ እየተንፎለፎለ ነው። የሰፈሩ ሰው ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ወጥቷል። ፈረቃቸውን ሲጠብቁ የከረሙ ሰዎች ናቸው፤ አሁን ውሃው ራሱ በራቸው ድረስ መጣላቸው። አንዲት እናት በነጠላ ተከናንበው፣ «አቦ ትንሽ ተዉት፣ በርሜሌን ልሙላና ትዘጋላችሁ» አሉን። ሳቅኩ። ቀጥሎ ደግሞ ሳቄ አሳፈረኝ።

ቧንቧ ለምን ሌሊት ይፈነዳል የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ሰው ሲተኛ ሩቢኔቱ ሁሉ ይዘጋል፣ የሚጠቀም የለም፣ ታንከሩ ግን ከላይ እንደተጫነ ነው። ስለዚህ ግፊቱ ከቀን ይልቅ ሌሊት ይበረታል። ያረጀ ቧንቧ ቀን ቀን እያቃሰተ ይውልና ሌሊት እጁን ይሰጣል። ለዚህም ነው ስውር ፍሳሽ የሚፈለገው ሌሊት፤ ከተማው ጸጥ ሲል የብረት ዘንግ ቧንቧው ላይ ታስደግፍና ሌላውን ጫፍ ጆሮህ ላይ ታደርጋለህ። የሚያፈስ ቧንቧ ሹክ ይላል።

የትናንቱ ግን ጆሮ አላስፈለገውም። የሚያስፈልገው ቫልቩን፣ የመስመሩን መዝጊያ፣ አግኝቶ መዝጋት ነበር። ቫልቩ የት ነው?

ታብሌቴ ካርታ ላይ የቫልቩ ነጥብ አለ። እኔ ራሴ የጫንኩት ነው፤ ከድሮ የወረቀት ንድፍ ላይ አንስቼ። ነጥቡ መንገዱ መሀል ያሳያል፤ መንገዱ መሀል ግን አስፋልት እንጂ ክዳን የሚባል ነገር የለም። አንድ ጊዜ መንገድ ሲጠገን የቫልቩ ክዳን አብሮ ተለብዷል ማለት ነው። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ነጥቡ ላይ ዶማ አነሱ። አርባ ደቂቃ ቆፈርን። አፈር ብቻ። ውሃው ከኋላችን ይፈሳል፣ የሰፈሩ ሰው ያየናል፣ እኔ ታብሌቴን አየዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የጠላሁት ዕቃ የለም።

መጨረሻ ላይ ጋሼ ጋ ደወልኩ።

ጋሼ የድሮ የመስመር ሠራተኛችን ነው፤ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። በባጃጅ መጣ፣ በሽርጥና በነጠላ ጫማ፣ ዓይኑ ገና እንቅልፍ እንዳለበት። ሰላም እንኳ አላለንም። ጥጉ ላይ ወዳለው አሮጌ የድንጋይ ግድግዳ ሄደ፣ ጀርባውን አስጠግቶ ቆመ፣ ከዚያ ወደ መንገዱ መራመድ ጀመረ። እየቆጠረ። ሰባተኛው ላይ ቆመና በእግሩ መታ መታ አደረገ። «እዚህ» አለ። «ድሮ እዚህ ጋ ኒም ነበረች፤ ቆረጧት። እኔ ግን ዛፍ ታምኜ አላውቅም፣ የምቆጥረው ከግድግዳው ነው።»

ቆፈርን። ክዳኑ አንድ ክንድ ያህል ወርደን ተገኘ። እኛ ከቆፈርንበት ያለው ርቀት አራት ሜትር አይሞላም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ያየ ሰው ቫልቭ መዝጋት ጥበብ መሆኑን ያምናል። ባለ ስድስት ኢንች ነው፤ እንዲህ ያለው ቫልቭ ጥርቅም ብሎ እስኪዘጋ ሃያ ዙር ገደማ ይፈልጋል። ጉልበተኛው ልጅ ቶሎ ቶሎ ሊያዞረው ሲል ጋሼ እጁን ያዘው። ብዙ ውሃ እየሮጠ ሳለ ድንገት ከዘጋህበት ግፊቱ ወደ ኋላ ይመለስና ሌላ ቦታ ያፈነዳብሃል። ቀስ ብሎ፣ እየቆጠሩ። አሥራ ሦስተኛው ዙር ላይ ቫልቩ ቀጥ አለ። ጋሼ አላስገደደውም። ወደ ኋላ ሁለት ዙር፣ ወደ ፊት ሦስት፣ እንደገና ወደ ኋላ። ውስጡ የተጋገረው ነገር እየተሰበረ ይንኮሻኮሻል። ሊነጋጋ ሲል ውሃው ቀነሰ፤ ጨርሶ ግን አልቆመም። የፈነዳውን ቦታ ዙሪያውን የሚያጣብቀውን ክላምፕ ያሰርነው ውሃው ፊታችን ላይ እየረጨ ነው።

«ቫልቭ እንደ ጉልበት ነው» አለኝ ሻይ እየጠጣን። «ካላንቀሳቀስሽው ይታሰራል። እኛ በዓመት አንዴ እየዞርን ሁሉንም እንከፍት እንዘጋ ነበር። ውሃ ለመዝጋት አይደለም፣ እንዳይታሰር።»

አሁን ማን በዓመት አንዴ ያንቀሳቅሰዋል? የት እንዳለ ሲታወቅ አይደል።

የተቆረጠውን የቧንቧ ቁራጭ ቤት ይዤው መጣሁ። ዋናው መስመር አይደለም፤ ከእሱ ወደ ግቢ የምትገባ ባለ ሁለት ኢንች የብረት ቧንቧ ነች፤ ከፍንዳታው ጋር ተነቅላ ወጣች። ጠረጴዛዬ ላይ ሆና ታየኛለች። ከውጭ ሁለት ኢንች ናት። ከውስጥ ነጭና ቡናማ ድንጋይ ዙሪያዋን ጋግሮ አውራ ጣቴ እንኳ አያልፍባትም። እናቴ አይታ «የእኔን ማንቆርቆሪያ ትመስላለች» አለች። ልክ ናት፤ ያው ነገር ነው። ድሬ የምንጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ውሃው ደግሞ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ነው የሚመጣው። የአገሪቱ የመጀመሪያ ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለው ለከተማው ውበት ሲባል አይደለም፤ ዙሪያችን ያለው ተራራ የሲሚንቶ ጥሬ ዕቃ ስለሆነ ነው። ያው ድንጋይ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይገባና ቧንቧችን ውስጥ መልሶ ድንጋይ ይሆናል። ሲሚንቶ በነጻ።

ሰው የማይገምተው አንድ ነገር አለ። የቧንቧ ውስጡ በግማሽ ሲጠብ የሚያልፈው ውሃ በግማሽ የሚቀንስ ይመስለናል። አይደለም። ግፊቱ ያው ሆኖ የሚያልፈው ከስድስት እጅ አንድ እጅ ገደማ ነው። እንግዲህ «ሰፈራችን ውሃ የማይደርሰው ጉድጓድ ስላነሰ ነው» የሚለውን ክርክር በዚህ ዓይን እዩት። አንዳንዴ ጉድጓዱ አላነሰም፣ ጉሮሮው ነው የጠበበው።

እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። ማሻሻያ ሲባል የሁሉም ሰው ሐሳብ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ ይሮጣል። አዲስ ጉድጓድ፣ አዲስ ፓምፕ፣ አዲስ ታንከር። አስፈላጊ ናቸው፣ ከተማው እየሰፋ ነው፣ አልክድም። ግን አዲስ ፓምፕ በአሮጌ መስመር ላይ ግፊት ሲጨምርበት መጀመሪያ የሚጨምረው ፍሳሹ ነው። ትናንት ይንጠባጠብ የነበረው ይንፎለፎላል። በነዳጅና በመብራት ከመሬት ሆድ ያወጣኸውን ውሃ መልሰህ ለመሬት ትሰጠዋለህ። ቫልቭ መቀየር፣ ቆጣሪ መቀየር፣ የተጋገረውን ቧንቧ በፕላስቲክ መተካት ግን ሪባን የሚቆረጥለት ሥራ አይደለም፤ አስፋልት ቆርጠህ፣ አቧራ አስነስተህ፣ ሰው ሰድቦህ፣ ጉድጓዱን ደፍነህ ትሄዳለህ፣ የሚታይ ነገር የለም።

ስለ መብራት ካነሳሁ አይቀር፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ አክስት አለችኝ። እሷ ልጅ ሳለች ውሃቸው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀባቸው። አሁን ከእኛ ቆላ ከሚገኙ ጉድጓዶች በፓምፕ እየተገፋ ደንገጎን ሽቅብ ወጥቶ ነው ሐረር የሚደርሰው። ደንገጎን በመኪና የወጣ ያውቀዋል፣ ጆሮ የሚደፍን ዳገት ነው። ውሃ አሥር ሜትር ከፍ ለማለት አንድ ባር ገደማ ግፊት ይፈልጋል፤ የዳገቱን ቁመት እናንተው አስሉት። መብራት ሲጠፋ ውሃው መንገድ ላይ ይቀራል። አክስቴ ስትደውልልኝ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ጤናዬን አይደለም፤ «እናንተ ጋ መብራት አለ?» ነው።

ወደ ራሴ ልመለስ። ጥፋቱን ሁሉ በድንጋይና በአስፋልት ላይ አላላክክም።

ባለፈው ዓመት ለአንድ ጥገና ቫልቭ ዘጋሁ። ጥገናው አለቀ፣ የዘጋሁትን ከፈትኩ፣ ሄድኩ። የዘጋሁት ግን ሁለት ነበር፤ አንደኛውን ረስቼዋለሁ። ከጎኑ ያለ ሰፈር ሦስት ቀን ውሃ አላየም። የሚገርመው ማንም አልደወለም። ለምን ብትሉኝ፣ ሁሉም «ፈረቃችን አልደረሰም» ብሎ እየጠበቀ ነበር። በአራተኛው ቀን አንዲት ሻይ ሻጭ መንገድ ላይ አግኝታኝ «ፈረቃው ተቀየረ እንዴ?» አለችኝ፤ ነገሩ ያኔ በራልኝና እየሮጥኩ ሄድኩ። ለእሷ እስከዛሬ እውነቱን አልነገርኳትም። ሻዩን ግን እሷ ጋ ነው የምጠጣው።

ፈረቃ ክፉ ነገሩ ይሄ ነው፤ ብልሽት ይደብቃል። ሌላም አለው። ቧንቧው ባዶ ሆኖ ሲውል በተሰነጠቀበት በኩል በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ውሃ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ነው። ስለዚህ ውሃ ሲመጣ ቸኩላችሁ ጀሪካን አትደቅኑ፣ ትንሽ ይፍሰስ። ይህን ስናገር ሰው «ውሃ ለማየት ሳምንት ጠብቄ አፍስሺ ትይኛለሽ?» ብሎ ያየኛል። እውነቱን ነው።

ዛሬ ጠዋት ጋሼ ቤት ሄድኩ። ጠዋት የሄድኩት አስቤበት ነው፤ ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ፣ ጫቱ ላይ ነው፣ ከበርጫ ላይ ሰው የሚያስነሳ የድሬ ሰው አልተወለደም። ደብተርና የአምሳ ሜትር ሜትር ይዣለሁ። «ጋሼ፣ የምታውቃቸውን ሁሉ አሳየኝ» አልኩት። «ታብሌትሽስ?» አለኝ። መቼም አይለቀኝም።

ዞርን። እሱ ከግድግዳ ይራመዳል፣ እኔ እለካለሁ። ታብሌቱ ዛፍ ሥር ሲሆን አራትና አምስት ሜትር ይስታል፤ አራት ሜትር ደግሞ በዶማ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ ሌሊቱን አይቼዋለሁ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቫልቭ ሁለት ቋሚ ነገር እንይዛለን፣ የግድግዳ ጥግ፣ የድልድይ ራስ፣ የአሮጌ ቤት ደረጃ፤ ከሁለቱም በሜትር። ዛፍና የሱቅ ታፔላ አይቆጠርም። ስንት ዙር እንደሚዘጋ፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚዞር ደግሞ ከጎኑ ይጻፋል፤ በተቃራኒው የሚዘጉም አሉና።

ደቻቱ ስንደርስ ጋሼ ዝም አለ። ወንዙ እንደ ወትሮው አሸዋ ብቻ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 ሰው በላይ የወሰደው እዚሁ ነው። እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ጋሼ ስለዚያ ሳምንት አያወራም። ወንዙን ስለሚያቋርጠው መስመር ብቻ፣ «ሲቀየር አደራ፣ አሸዋው ውስጥ አትቅበሩት፤ ከአሸዋው በታች ያለው ጠንካራ መሬት ድረስ ውረዱ» አለኝ። ጻፍኩ።

እስከ አምስት ሰዓት አሥራ አንድ ቫልቭ ያዝን። ከዚያ ፀሐዩ አባረረን። ስንት እንደቀረ ስጠይቀው ጣቱን ማጠፍ ጀመረና መሀል ላይ ተወው።

ማታ ደብተሩን ወደ ታብሌቱ ስገለብጥ የሌሊቱ ቫልቭ ላይ ደረስኩ። ከግድግዳው አምስት ሜትር ከአርባ ብዬ ጽፌያለሁ። ልጠይቀው ደወልኩለት፣ የእሱ ሰባት እርምጃ በእኔ ሜትር ልክ መጥቶ እንደሆነ። «እኔ እንጃ ሜትሩን» አለኝ። «ደግሞ ሌሊት በነጠላ ጫማ ነበርኩ። በቦት ጫማ ስድስት ተኩል ነው።»

ነገ ጠዋት ተመልሰን እንለካለን።