አቼቶ የሚሸት ሲሊኮን

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ በኩል፣ ቤታቸውን በማስጨረስ ላይ ያሉ አንዲት እናት ደወሉልኝ። ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው የወጥ ቤት ሲንክ ልካላቸዋለች። «ልጄ፣ መዳብ ነው አሉኝ። አደራ፣ እንዳይበላሽብኝ» አሉ። ሥራዬ የቧንቧና የንፅህና ዕቃ ገጠማ ነው። የምገጥመው አብዛኛው ሲንክ ስቴንለስ ነው፤ መዳብ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። ሲመጣ ግን ደስ ይለኛል። መዳብ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ማዕድን ነው፤ ጥንቃቄውን ላወቀለት ደግሞ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ሲንኩ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ነው። የፊት ግድግዳው ከካቢኔቱ ወጣ ብሎ ይታያል፤ ዕቃ የሚያጥበው ሰው የሚጠጋው መዳቡን እንጂ ግራናይቱን አይደለም። ከውጭ ሲለካ ርዝመቱ 84፣ ስፋቱ 56፣ ጥልቀቱ 25 ሳንቲ ሜትር። እስከ አፉ ቢሞላ ውሃው ብቻ ወደ 90 ኪሎ ይጠጋል። በዚያ ላይ የራሱ ክብደትና የሚከመርበት ድስት አለ።

አናጺው በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ፣ እጃቸው የተባረከ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ይኼን ቺፕውዱ አይችለውም» አልኳቸው። እሳቸውም አልተከራከሩም። ካቢኔቱ ውስጥ በወፍራም ሞራሌ አራት እግር ያለው ማቀፊያ ሠርተው ሲንኩን በዚያ ላይ አስቀመጥነው። ብየዳ የሚሠራው ልጅ አንግል ብረት እንዲሆን ፈልጎ ነበር። ብረት መጥፎ ሆኖ አይደለም። መዳብና ብረት ተነካክተው በመካከላቸው እርጥበት ከገባ ግን ብረቱ ከወትሮው ፈጥኖ ይዝጋል። ሲንክ ሥር ደግሞ እርጥበት አይጠፋም። በብረት መሥራት የግድ ከሆነ በመካከል ጎማ መግባት አለበት። ከታች ጋልቫናይዝ ቧንቧ በቀጥታ የማልገጥመውም ለዚሁ ነው፤ ሲፎኑንም መውረጃውንም ፕላስቲክ አደረግኩት።

የሲንኩን አፍ ከግራናይቱ ጋር በሲሊኮን ማሸግ የእኔ ሥራ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ሌላ ቦታ ስሠራ፣ ግራናይቱን የገጠመው ልጅ ሊያግዘኝ ብሎ አሸገው። በደግ ልብ ነው ያደረገው። በእጁ የነበረውም ሁላችንም ከየሱቁ የምንገዛው የተለመደው ሲሊኮን ነው።

ሰኞ ጠዋት ወጥ ቤቱን ስከፍት የአቼቶ ሽታ ተቀበለኝ። በርና መስኮቱ ተዘግቶ ስለሰነበተ ሽታው አልወጣም። ጎንበስ ብዬ በስልኬ መብራት አየሁት። ሲሊኮኑ መዳቡን በነካበት መስመር ሁሉ፣ ክር የምታህል ሰማያዊ ቅልቅል ያለባት አረንጓዴ ነገር ወጥታለች። በጣቴ ስነካት እንደ ዱቄት ለቀቀች። ከሲሊኮኑ ጫፍ ትንሽ ቆርጬ ሳነሳው ከሥሩ ያለው መዳብ ቡናማነቱን አጥቶ ተዥጎርጉሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሊኮን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ርካሹና በየሱቁ የሚገኘው ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ይለቃል። አቼቶ ውስጥ ያለው ያው አሲድ ነው፤ ሽታውም የሚመጣው ከሱ ነው። ለመስኮት መስታወትና ለሴራሚክ አይጎዳም። መዳብን ግን ይበላል፤ ያቺም አረንጓዴ ዝገት የዚያ ውጤት ናት። ሌላው ዓይነት፣ ኒውትራል የሚባለው፣ ሲደርቅ ይህን አሲድ አይለቅም። ለመዳብ የሚሆነው እሱ ነው።

ልጁን ጠርቼ አሳየሁት። ደነገጠ። «ኧረ ወንድሜ፣ እኔ እኮ ሁሉም ያው ይመስለኝ ነበር» አለ። አልፈረድኩበትም፤ የሚሸጡልን ሰዎችም ለይተው አይነግሩንም። ደግነቱ ገና ሁለት ቀኑ ነው። ሲሊኮኑን በፕላስቲክ መፋቂያና በክር ቆርጠን አወጣነው፤ ምላጭ መዳብ ላይ ጭረት ይተዋል። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጠን በጨርቅ አጠብነው፣ በንጹህ ውሃ አለቀለቅነው፣ አደረቅነው። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አስጠጋሁ ማለት ግን ሌላ ጥፋት ነው፤ የብረቱ ብናኝ መዳቡ ላይ ይቀርና ይዝጋል።

ያጸዳንበት መስመር ከሌላው ቀልቶና ነጥቶ ቀረ። እናትየው ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። «እትዬ፣ አይጨነቁ፣ መዳብ ቀለሙን ራሱ ይመልሳል» አልኳቸው። አየርና እርጥበት ሲያገኘው እየጠቆረ ከሌላው ጋር ይመሳሰላል።

ኒውትራል ሲሊኮን ከተማው ውስጥ ብዙ ሱቅ ጠየቅሁ። «ኒውትራል» ስል የሚገባው ሰው አጣሁ። በመጨረሻ «ለመስታወት ጀርባ የሚሆን» ብሎ መጠየቅ እንደሚሻል አስታወስኩ። መልክ የሚታይበት መስታወት ጀርባው የብር ቅብ ስላለው የአቼቶው ዓይነት ያበላሸዋል፤ ስለዚህ መስታወት የሚገጥሙ ሰዎች የሚይዙት ይህንኑ ነው። መርካቶ ያለ ጓደኛዬ ገዝቶ በሚኒባስ ላከልኝ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዕለቱ ደረሰ።

ሌላው ጉዳይ ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ወሩ ኅዳር ነበር፣ ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት። ብዙ የሲሊኮን ቱቦ ላይ ከ5 ዲግሪ በታች አትጠቀሙ የሚል ተጽፏል። ስለዚህ ፀሐይ ሞቅ ስታደርግ እኩለ ቀን ላይ አሸግኩት። ሲንኩም ለጥቂት ቀናት ውሃ እንዳይነካው እትዬን ለመንኳቸው። እሳቸውም ቃላቸውን ጠበቁ፤ በራፉ ላይ ወንበር አስቀምጠው ማንንም አላስገቡም።

ሲደርቅ በባልዲ እስከ አፉ ሞላሁት፤ ከሥር ጋዜጣ አነጠፍኩ። ጠብታ የለም። ውሃውን ስለቀው ጥግ ላይ ሳይጠራቀም ሁሉም ወደ መውረጃው ሄደ።

ከዚያ የመጣው ጥያቄ ከሁሉ በላይ አሳሰበኝ። «እንግዲህ ሊጡንም እዚሁ አቦካለሁ፤ ልጄ መዳብ ጀርም ይገድላል ብላኛለች» አሉ። ልጅቷ አልተሳሳተችም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 መዳብን ባክቴሪያ ገዳይ ብሎ መዝግቦታል። ያ ግን እየታጠበ ንጹህ ለሆነ መዳብ ነው፤ ያውም ሰዓት ይፈልጋል። ሊጥ ደግሞ ኮምጣጣ ነው። ቀናት ሲቆይበት መዳቡ ወደ ሊጡ ይሟሟል፤ ያን መብላት ሆድ ያውካል።

ከማስረዳት ማሳየት ይሻላል ብዬ ሎሚ አስቆረጥኩ። ግማሹን ከሲንኩ ሥር፣ በማይታይ ቦታ ላይ አሸሁት። ያሸሁበት ቦታ ቡናማው ለቆ እንደ አዲስ ሳንቲም ቀላ። «አዩ፣ ሎሚው ያነሳው መዳብ የት ሄደ?» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው ሎሚውን አዩ፣ ሲንኩን አዩ። «በል፣ ለሊጡ የፕላስቲክ ባልዲዬ አለኝ» አሉ። እርጎም፣ ቲማቲምም፣ ሎሚም ጠብ ሲልበት ቶሎ እንዲያለቀልቁ፣ ለማጠብም ለስላሳ ጨርቅና ሳሙና ብቻ እንዲጠቀሙ ነገርኳቸው።

የግራናይቱ ልጅ ባዶውን የሲሊኮን ቱቦ በስልኩ ፎቶ አነሳው። ቀጣዩ ሥራው ደብረ ሲና ነው፤ ሙሉ ግድግዳ የሚሸፍን የመታጠቢያ ቤት መስታወት ይገጥማል። እዚያም የሚያስፈልገው ይኸው ዓይነት ነው።