ያለ ማዘዣ የገባ

ጎጃም መንገድ ላይ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ከመወረዱ በፊት ካሉት ከተሞች በአንዷ ፖሊስ ነበርኩ። የትኛዋ እንደሆነች ይቅር። ማታ ማታ የቆመ መኪና አይጠፋም። በረሃውን በጨለማ መውረድ የማይወድ ሾፌር ሁሉ ዳር ይዞ ይተኛል። ከአዲስ አበባ የመጣውም ዳገቱን ጨርሶ ሞተር ያበርዳል።

አዲሱ አዛዣችን ግን ይህ አልተዋጠለትም። «ሰው ቤት እያለ መኪና ውስጥ ምን ያስተኛዋል?» አለና ሰው ያለበትን የቆመ መኪና ሁሉ እያስወረድን እንድንፈትሽ አዘዘ።

ለእኔ መስታወት ማንኳኳት አንድ ነገር ነው። ማስወረድ ሌላ ነው። ሸራ ማስፈታት ደግሞ ጨርሶ ሌላ። መሪ ላይ የተደፋ ሰው ካየሁ አንኳኳለሁ፤ ታሞም ሊሆን ይችላል። በውድቅት ሌሊት መብራት አጥፍቶ፣ ሞተር አስነስቶ የተዘጋ ሱቅ በር ላይ የሚጠብቅ ካለም ጠጋ ብዬ «እንዴት አመሻችሁ?» እላለሁ። ያለ ማዘዣ ለመያዝ ግን የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 51 ምክንያቶቹን ዘርዝሯል፤ ዋናው ከአንድ ዓመት የማያንስ እሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል መጠርጠር ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 26 ላይ ቤትን ብቻ ሳይሆን ሰውነትንና ንብረትንም ከብርበራ ይጠብቃል። እንቅልፍ የትኛውም ላይ ወንጀል ተብሎ አልተጻፈም።

አንድ ሌሊት አዛዡ ራሱ አብሮን ወጣ። ከቡሬ በርበሬ የጫነ አይሱዙ ቆሟል። ሾፌሩ ሸምገል ያሉ ናቸው፤ ጋቢናው ውስጥ ተከናንበው ተኝተዋል።

«ለምን ቆምክ?» አላቸው፣ አንተ ብሎ።

«እንቅልፍ መጣብኝ።»

«እንቅልፍ በመጣ ቁጥር ይቆማል?»

«ታዲያ ቁልቁለቱ ላይ ልተኛ ጌታው?»

ረዳቱ ፊቱን አዞረ። እኔም ጫማዬን ማየት ጀመርኩ።

ሊብሬ ጠየቀ፤ ሰጡት። መንጃ ፈቃድ፤ ሰጡት። ምንም እንከን የለውም። ይኼኔ ነው የባሰበት። ወረቀቱ የተሟላለት ሰው ይበልጥ ያጠራጥረው ነበር።

«ሸራውን ፍቱ!»

«ማዘዣ አለዎት?»

«ሕግ ልታስተምረኝ ነው?»

«ኧረ እኔስ በርበሬ ነው ለማለት ነው።»

ማንም ንቅንቅ ስላላለ ራሱ ወጣ። ባትሪውን በጥርሱ ነከሰ፣ ገመዱን ፈታ፣ ጭንቅላቱን ሸራው ሥር ከተተና ጆንያውን በመዳፉ ደቃው። ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ማስነጠስ ጀመረ። ባትሪው ካፉ አምልጦ ጆንያዎቹ መሃል ገባ፤ እንደበራ እዚያው ቀረ። ይባስ ብሎ ዓይኑን በዚያው እጁ አሸው።

ሾፌሩ ጀሪካን አውርደው ውሃ እያፈሰሱለት፣ «አይዞዎት ጌታው፣ እሱም ያለ ማዘዣ ነው የሚገባ» አሉት።

ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ፍተሻ ተደርጎ ሕገወጥ ነገር አልተገኘም» አልኩ። አንድ ባትሪ መጥፋቱንም አሰፈርኩ። ትዕዛዙ አልተሻረም። በማግሥቱ «ጭነት ላይ አትውጡ» የሚል ተጨመረበት እንጂ።