ማድ ቤት የሌላቸው ባለሙያ

አዲስ አበባ ሳድግ ማድ ቤት ብቅ ካልኩ እናቴ «ወንድ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል?» እያለች በጭልፋ ታባርረኝ ነበር። ለንደን ስገባ የማውቀው እንቁላል መጥበስ ብቻ ነው። እሱም ያርብኛል።

በ2024 የሥራ ባልደረባዬ የኢትዮጵያ ምግብ ልትማር ተመዘገበችና «አንተም ና፣ ታግዘናለህ» አለችኝ። ምኑን እንደማግዝ እግዜር ይወቅ። ለንደን ውስጥ ስደተኞች የአገራቸውን ምግብ ማስተማራቸው አዲስ ነገር አይደለም፤ ማይግሬትፉል የሚባለው ድርጅት ከ2017 ጀምሮ ይሄንኑ ይሠራል። የኛው ግን አነስ ያለ ነው። የአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ሁለት ምድጃ፣ አሥር ሰው።

አስተማሪዋ ሃምሳን የተሻገሩ የደሴ ሴት ናቸው። ሲያዩኝ ሳቁ።

«አንተ ደግሞ ምን ልትማር ነው?»

«ዶሮ ወጥ» አልኩ፣ አፍሬ።

ለተማሪዎቹ የታደለው ወረቀት ሁሉንም በግራም ይላል። የእትዬ እጅ ግራም አያውቅም። በእፍኛቸው ይሰፍሩና ሚዛኑ ላይ ያደርጉታል፣ ቁጥሩን የሚያነቡት ከዚያ በኋላ ነው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እየተደረገበት ሲቁላላ አንድ ሰዓት ሊሞላው ሆነ። አንዱ እንግሊዛዊ ስንት ደቂቃ እንደቀረው ጠየቀ። እትዬ ወደኔ ዞረው «ሽታው ሲለወጥ በላቸው» አሉኝ። በዚያው አስተርጓሚ ሆኜ ቀረሁ። «ቅባቱን ሲተፋ» ያሉትን እንዳለ ብተረጉመው ሁሉም ሰው እርስ በርሱ ተያየ። የሚገርመው፣ ቃላቱን ሁሉ አውቃቸዋለሁ። ቁሌት፣ መከለሻ፣ ብልት ማውጣት፤ በማድ ቤቱ በር ስሰማቸው ነው ያደግሁት። ሲሠሩ ግን አይቼ አላውቅም።

ዕቃ ስናጥብ «እትዬ፣ እሁድ እሁድ ቤትዎ መጥቼ ልማር?» አልኳቸው።

«የምን ቤት?»

ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ የሚጠብቁ ናቸው ለካ። የሚኖሩት መንግሥት ባስቀመጣቸው ሆቴል ነው። ክፍሉ ምድጃ የለውም። ምግቡ ተሠርቶ በፕላስቲክ ይመጣል። ለኪስ የሚሰጣቸው በሳምንት 10 ፓውንድ አይሞላም፤ ሥራ ልሥራ እንዳይሉ ደግሞ ጉዳዩ አንድ ዓመት ካልዘገየ ፈቃድ መጠየቅ እንኳ አይቻልም። ያን ሁሉ ሙያ ይዘው ሽንኩርት የሚልጡበት ቦታ የላቸውም።

«እዚህ የምመጣው እሳት ፍለጋ ነው» አሉኝ።

የኔ ምድጃ ደግሞ ከሻይ ሌላ አያውቅም። እሁድ እሁድ መምጣት ጀመሩ። እኔ እገዛለሁ፣ እሳቸው ያዛሉ። ዶሮው በሎሚና በጨው ይታጠባል፣ ውሃው ኩልል እስኪል ድረስ። «ጠራ» ስል «አልጠራም» ይሉኛል። 12ቱን ብልት ማውጣት አንድ ወር ፈጀብኝ። በርበሬው የገባ ቀን የጭስ ማንቂያው አካባቢውን ቀወጠው፤ እትዬ ወንበር ላይ ወጥተው በነጠላቸው ማራገብ ያዙ።

ለፋሲካ ዋዜማ እናቴ በቪዲዮ ደወለች። ቁሌቱን እያማሰልኩ ነበር።

«ማን እየሠራልህ ነው?»

«እኔ።»

«ውሸታም! ካሜራውን አዙረው።»

አዞርኩት። ድስቱን አየች፣ ከዚያ እትዬን አየች። «እንደምን አሉ? የት ነው አገርዎ?» አለች። ደሴ ሲሏት አክስቷ እዚያ እንደነበረች ትዝ አላት። ከአክስቷ ወደ ቅቤ፣ ከቅቤ ወደ ኮሰረት ሄዱ። እኔን የሚያየኝ የለም። ውሃ ጠብ ማድረግ የነበረበት እጄ ስልክ ተሸክሟል።

ቁሌቱ አረረ። ሁለቱም እኩል ጮኹብኝ።