ኢኩላይዘር ሳልነካ የክፍሌን ትሬብል እንዴት እንዳስተካከልኩ

ትሬብል (ቀጭኑ፣ ከፍ ያለው ድምፅ) ሲያስቸግር ብዙ ሰው መጀመሪያ ኢኩላይዘር (ባሱንና ትሬብሉን መጨመሪያ መቀነሻውን) ነው ሚነካው፣ እኔ ግን ክፍሉን ነበር የጠረጠርኩት ምክንያቱም ስፒከሩን ጠጋ ብዬ ስሰማው ሲምባሉ (የድራሙ ሰሀን) ጥርት ያለ ነው፣ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ግን ዘፋኟ "ስ" ባለች ቁጥር ጆሮዬን ይወጋኛል። ሳጨበጭብ ደሞ ድምፁ በሁለቱ ባዶ ግድግዳዎች መሀል ትርርር እያለ ይመላለሳል።

ልሙጥ ግድግዳ ድምፁን እንደ መስታወት ነው ሚመልሰው፣ ሳይበተን። የተመለሰው ከቀጥታው 1 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ከደረሰ 500፣ 1500፣ 2500 ኸርዝ እያለ ላይ ድረስ ያዳክማል፣ በመሀል ያሉትን ደሞ ያጎላል፣ ጭንቅላታችሁን ትንሽ ስታንቀሳቅሱ ትሬብሉ ሚቀያየረውም በዚ ነው።

መጀመሪያ 2.5 ሳንቲ ፎም ለጠፍኩ። መውጋቱ ቀረ፣ ግን ሙዚቃው ታፈነ። ቀጭን ፎም ላይኛውን ድምፅ ብቻ ይውጥና ባሱን እንዳለ ይተወዋል።

ከዛ ከእንጨት ዲፊውዘር (ድምፅን ሳይውጥ ሚበትን ባለ ጉድጓድ ሰሌዳ) ሰራሁ፣ ጀርመናዊው ፊዚሲስት ማንፍሬድ ሽሮደር በ1970ዎቹ ባወጣው ቀመር። ሰባት ጉድጓድ ነው፣ ጥልቀታቸው በ0፣1፣4፣2፣2፣4፣1 እርከን ቅደም ተከተል፣ መበተኑ ከ1000 ኸርዝ እንዲጀምር አንዷ እርከን 2.45 ሳንቲ ትሆናለች ማለትም ትልቁ ጉድጓድ 10 ሳንቲ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሰው ሁሉ ስለ ጥልቀት ነው ሚያወራው፣ ለትሬብል ግን ዋናው ስፋቱ ነው! 5 ሳንቲ ስፋት ያለው ጉድጓድ ቀመሩ ሚሰራለት እስከ 3400 ኸርዝ አካባቢ ነው፣ 2.5 ካረጋችሁት 6800 ይደርሳል፣ ያ "ስ" ሚወጋበት ቦታ ደሞ አብዛኛው እዛው ከ5000 በላይ ስለሆነ እኔ 2.5 መረጥኩ። ከዛ በታች ግን አታጥብቡት፣ መበተኑን ትቶ ድምፅ መዋጥ ያበዛል።

ቦታውን በመስታወት ነው ያገኘሁት፣ ሰው መስታወት ይዞ በጎን ግድግዳው ላይ ሲያንሸራትት ከወንበሬ ሆኜ ትዊተሩ (ትሬብል ሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) የታየኝ ቦታ ላይ ዲፊውዘሩን አቆምኩት፣ ጉድጓዶቹ ከላይ ወደ ታች ሆነው፣ እንደዛ ሲሆን ወደ ጎን ነው ሚበትነው።

ትሬብሉ አልቀነሰም፣ መውጋቱ ነው የሄደው። ሲምባሉ ሲመታ ጀምሮ ቀስ እያለ እስኪጠፋ ይሰማል፣ ዘፋኟም መሀል ላይ ቁጭ አለች፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ብቻ ከዲፊውዘሩ ቢያንስ 1 ሜትር መራቅ አለባችሁ፣ የ1000 ኸርዝ ሞገድ 34 ሳንቲ ነው እና የሱን ሶስት እጥፍ ያህል ርቀት ካላገኘ የየጉድጓዱ ድምፅ ሳይዋሀድ ጆሯችሁ ጋ ይደርሳል። ግድግዳው ከዛ ሚቀርባችሁ ከሆነ 10 ሳንቲ ውፍረት ያለው ፎም ይሻላችኋል።