የቴፓችንን ገመድ ስቀይር

ሁዳዴ ሲገባ እኛ ቤት ዘፈን ይቆማል። የሚከፈተው የበገና መዝሙር ነው። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ነበር፤ አሁንም እማዬ ታስከብረዋለች። ማታ እራት ከተበላ በኋላ ቴሌቪዥኑ ይጠፋና "እስቲ ቴፑን ክፈተው" ትለኛለች።

ቴፑ የምትለው አንድ ዕቃ አይደለም። አምፕሊፋየር አለ፣ የካሴት ማጫወቻ አለ፣ ሲዲ ማጫወቻ አለ፣ ሁለት ትልልቅ የእንጨት ስፒከሮች አሉ። አባቴ በ1980ዎቹ ከደመወዙ እየቆጠበ አንድ በአንድ የሰበሰባቸው ናቸው። ብፌው ላይና ዙሪያው ተደርድረዋል። ዕድሜያቸው ይግፋ እንጂ ጤነኞች ናቸው።

ዘንድሮ የእነዚህን ዕቃዎች ገመድ ቀየርኩ። ስለ ድምፅ ገመድ ሲወራ ሰው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ "ገመድ ያው ገመድ ነው" ብሎ ያልፋል። ሌላው ደግሞ የብዙ ወር ደመወዝ የሚበላ ገመድ ካልገዛህ ሙዚቃ ሰማሁ እንዳትል ይልሃል። እኔ ጆሮዬ የነገረኝ ሌላ ነው። ገመድ መቀየር ለውጥ ያመጣል፣ በጣም ያመጣል፤ ግን የሚያመጣው የተበላሸ ነገር ሲኖር ነው። የተበላሸውን ደግሞ በጥቂት ብር ማስተካከል ይቻላል።

በገና ባይሆን ኖሮ ምናልባት ልብ አልለውም ነበር። በገና በራሱ የሚነዝር መሣሪያ ነው። አሥሩ አውታሮች ከበግ አንጀት የተሠሩ ናቸው። እያንዳንዱ አውታር አውታሮቹን ደግፎ በሚይዘው በርኩማ ላይ ሲያርፍ ከሥሩ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለታለች። አውታሩ ሲደረደር ያችን ቆዳ እየነካካ ይርገበገባል። ያ ሆድ ውስጥ የሚገባው ወፍራም ንዝረት የሚመጣው ከዚያ ነው። ቆዳዋ ትንሽ ከቦታዋ ብትንሸራተት አውታሩ ይደርቃል፣ ተራ ድምፅ ይሆናል። ስለዚህ ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት አንድ በአንድ ያስተካክላታል። የበገና ነፍስ ያለችው እዚያች ቆዳ ላይ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የእኛ ቴፕ ደግሞ የራሱን ንዝረት ይጨምርበት ነበር። የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። ወደ ድምፅ መስመር ሾልኮ ሲገባ በ50 እና በ100 ሄርዝ ላይ "እምምም" ይላል። በገናም ዝቅ ያለ ድምፅ ስላለው ሁለቱ ይቀላቀላሉ። የቱ የአውታሩ፣ የቱ የመብራቱ እንደሆነ መለየት ያቅታል። እማዬ "ይኼ ቤት ንብ ገብቶበታል" ትል ነበር። ልክ ነበረች። ሌላም ነገር ነበር። የግራው ስፒከር ከቀኙ ይልቅ የሳሳ ነው። ብፌውን ነካ ካደረጉት ደግሞ ይንጫጫል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል።

ብፌውን ከግድግዳው አላቅቄ ከጀርባው ገባሁ። አቧራው ሌላ፣ የሸረሪት ድሩ ሌላ። የመብራቱ ገመድ፣ የስፒከሩ ገመድ፣ ድምፁን ከማጫወቻዎቹ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚያደርሰው ቀይና ነጩ የአርሲኤ ገመድ፣ የዲሹ ኬብል ሁሉም አንድ ላይ ተጠቅልለው በክር ታስረዋል። ለዓይን ሥርዓት ያለው ነው። ለድምፅ ግን ከዚህ የባሰ አቀማመጥ የለም። ወደ ግራው ስፒከር የሚሄደው ሽቦ መሃሉ ላይ በናስትሮ የተጠቀለለ ነበር። ናስትሮውን ስፈታው ሙጫው እጄ ላይ ቀረ። ውስጡ ሁለት ሽቦ በጣት ተጠማዞ ነው የተቀጠለው፤ ብየዳ የለም። መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። በምላጭ ስፍቀው አረንጓዴው እንደ ዱቄት ረገፈ፤ ከሥሩ የነበረው ሽቦ ጠቁሯል፤ ከክሮቹ ግማሾቹ ሲነኩ ተበጠሱ።

አይገርምም። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሠፈር ነው፣ ከጣና ብዙም አንርቅም። ክረምት ላይ እርጥበቱ ግድግዳ ላይ ይታያል፣ ሳጥን ውስጥ ያለ ልብስ ይሸታል። ያልተበየደ መዳብ በዚህ አየር ስንት ክረምት ይችላል?

ገበያው አካባቢ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ ሽማግሌ አሉ። አባቴም ደንበኛቸው ነበር። የተቀጠለውን ሽቦ ይዤላቸው ሄድኩ። የትኛው ገመድ ጥሩ እንደሆነ ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ፣

"ልጄ፣ ስንት ሜትር ነው የሄደው?" አሉኝ።

"ወደ ግራው 7 ሜትር ይሆናል ጋሼ። በበሩ ዞሮ ነው የሚሄደው።"

"በዚህ ክር በምታህል ሽቦ?" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወረቀት ስበው ያሰሉልኝ ጀመር።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የቀድሞው ሽቦ ባለ 0.5 ነው፤ ማለትም 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር። ሽቦ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቃወም የሚለካው በኦም ነው፤ እንዲህ ያለ መዳብ በየሜትሩ 0.034 ኦም ገደማ ይቃወማል። ኤሌክትሪኩ ሄዶ ተመላሽ ስለሆነ 7 ሜትሩ 14 ይሆናል። ሲባዛ ግማሽ ኦም ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ስፒከራችን 6 ኦም ነው። ሽቦው ብቻውን የስፒከሩን 8 በመቶ ያህላል ማለት ነው። ከ5 በመቶ ባያልፍ ጥሩ ነው ይባላል። ባለ 2.5 ሽቦ ሲሆን ግን ያው ርቀት 0.1 ኦም ብቻ ነው፤ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ጉዳቱ ድምፁን መቀነሱ ብቻ አይደለም። ለቅነሳው ቮሊዩሙን ከፍ ማድረግ ይበቃል። ስፒከር ግን በሁሉም ድምፅ ላይ እኩል 6 ኦም አይደለም። አንዱ ጋ ወደ 4 ይወርዳል፣ ሌላው ጋ በጣም ይወጣል። ቀጭን ሽቦ ካንዱ ብዙ ይወስዳል፣ ካንዱ ጥቂት። ስለዚህ የድምፁ መልክ ራሱ ይቀየራል። የአምፕሊፋየሩ ስፒከሩን ይዞ የማቆም አቅምም ይላላል። በገና ላይ ይኼ በደንብ ይታወቃል፤ አውታሩ ከቆመ በኋላ ስፒከሩ ትንሽ ይጎተታል።

ባለ 2.5 ሽቦ ደግሞ ምንም ብርቅ ነገር የለውም። ቤት ሲሠራ ለሶኬት የሚዘረጋው ውፍረት ነው። እኔ የፈለግኩት ብዙ ቀጫጭን ክር ያለውን፣ እንደ ልብ የሚተጣጠፈውን ነው። በየኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቁ ሜትር በሜትር ይሸጣል። ነገር ግን አንድ መጠንቀቅ ያለብን ጉዳይ አለ። መዳብ የሚመስል ሁሉ መዳብ አይደለም። አልሙኒየም ላይ ስስ መዳብ የተለበጠበት ሽቦ ገበያውን ሞልቶታል። አልሙኒየም ከመዳብ 1.6 ጊዜ ያህል ይበልጥ ይቃወማል፤ ሲጠማዘዝም ቶሎ ይሰበራል። የመጀመሪያው ሱቅ ያወጣልኝ ጥቅል እጅ ላይ ቀለለኝ። ባለሱቁን አስፈቅጄ አንዷን ክር በቢላዋ ጫፍ ፋቅ አደረግኳት። ነጭ ሆነች። አመስግኜ ወጣሁ። ሌላ ሱቅ ያገኘሁት ሲፋቅም ውስጡ ቀይ ነው። ያንን አስለክቼ ገዛሁ።

ለቀኙ ስፒከር 2 ሜትር ይበቃው ነበር፤ ለሁለቱም እኩል 7 ሜትር አስቆርጡ የሚሉ አሉ። ድምፅ ከአንዱ ቀድሞ እንዳይደርስ ነው ይላሉ። ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ለብርሃን በቀረበ ፍጥነት ስለሚሄድ የ5 ሜትር ልዩነት ለጆሮ ምንም ማለት አይደለም። እንደየርቀቱ አስቆረጥኩ።

መግጠሙን በእርጋታ ነው የሠራሁት። ጫፉን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል በፒንሳ ላጥኩ፣ ክሩን ጠመዘዝኩ፣ የብየዳ ቆርቆሮ ቀባሁት፣ በካቻቪቴ አጠበቅኩ። አንዲት ክር ወጣ ብላ ጎረቤቷን ብትነካ አምፕሊፋየሩ ሊቃጠል ይችላል፤ ስለዚህ በእጅ ባትሪ እያበራሁ አየሁ። የፕላስና የማይነሱን ነገር ሽማግሌው ባስተማሩኝ ዘዴ አረጋገጥኩ። ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ ነቅለህ ሁለቱን ጫፍ በአንድ 1.5 ቮልት ድንጋይ ነካ ታደርጋለህ። ፕላሱ ከቀዩ ጋር ከሆነ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊት ብቅ ይላል። ከተገለበጠ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ሁለቱም ስፒከሮች ወደ ፊት ብቅ አሉ። አንዱ ብቻ ቢገለበጥ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የዘማሪውም ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። በየቤቱ "ይኼ ስፒከር ቤዝ የለውም" ከሚባለው ስንቱ በዚህ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ግራው ስፒከር ዳነ። ንቡ ግን አልወጣም።

እሱን ያስወጣሁት ገመድ ገዝቼ አይደለም፣ ገመድ አራርቄ ነው። የአርሲኤውን ገመድ ከመብራቱ ገመድ ለየሁ። መተላለፍ የግድ በሆነበት ቦታ ጎን ለጎን እንዳይሄዱ አጣርሼ አሳለፍኳቸው። ስታብላይዘሩን ከአምፕሊፋየሩ ጎን አንስቼ ወደ ብፌው ሌላ ጫፍ ወሰድኩት፤ ውስጡ ትራንስፎርመር ስላለ ዙሪያውን ይረብሻል። ግማሹ እምምታ ጠፋ። የቀረው ግማሽ ከየት እንደሆነ ለማወቅ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገቡትን አንድ በአንድ ነቀልኩ። ሲዲው ቢነቀል ለውጥ የለም። ካሴቱ ቢነቀል የለም። የዲሹን ኬብል ከሪሲቨሩ ስፈታው ቤቱ ጸጥ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምፕሊፋየራችን ኤርዝ ያለው ነው፣ በሶኬቱ በኩል መሬት ይነካል። ዲሹ ደግሞ ከብረት አጥሩ ጋር በተበየደ ቱቦ ላይ የቆመ ስለሆነ እሱም በራሱ መንገድ መሬት ይነካል። ሁለቱ በሪሲቨሩ በኩል ሲገናኙ ክብ ይሠራሉ። በዚያ ክብ ውስጥ ትንሽ የመብራት ኃይል ይዞራል፤ የሚያልፈውም በአርሲኤው ገመድ ልባስ ላይ ነው። አንዳንድ ሰው ይኼን ለማጥፋት የሶኬቱን ኤርዝ ይቆርጣል። እባካችሁ እንዳታደርጉት። ያቺ እግር ሕይወት ለማዳን የተቀመጠች ናት። እኔ ያደረግኩት ቀላል ነው፦ ማታ በገና ሲከፈት የሪሲቨሩን ቀይና ነጭ ከአምፕሊፋየሩ እነቅላለሁ። ዜና ሲፈለግ ይሰካል።

በመሃሉ ከአዲስ አበባ የመጣ ጓደኛዬ ውድ የሚባለውን ገመዱን ይዞ መጣ። ውጪው በጨርቅ የተሸመነ፣ ጫፉ ወርቅ የተቀባ፣ ውስጡ ብር የተለበጠበት ነው ተብሏል። በጣም ያምራል። ታናሽ እህቴ ከብፌው ጀርባ ሆና ሳትነግረን ታቀያይር፣ እኛ እንገምት ተባባልን። ቮሊዩሙን ማንም አልነካም። እሱም እኔም መለየት አልቻልንም። እውነቱን ለመናገር ጓደኛዬ ከእኔ የሰላ ጆሮ አለው፤ ግን በሐቅ "አይታወቀኝም" አለ። በዚህ አከበርኩት። ብር ከመዳብ የሚሻለው በ6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ ሽቦውን ትንሽ በማወፈር ታገኘዋለህ። ወርቅ እንዲያውም ከመዳብ ያንሳል። የወርቅ ጥቅሙ አለመዛጉ ነው። ለጣና ዳር ሰው ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ስለዚህ ጫፉ ወርቅ የተቀባ የአርሲኤ ገመድ በመጠነኛ ዋጋ ገዛሁ። ሌላውን ግን ተውኩት።

የተቀየረውን በደንብ የሰማሁት በአንድ አሮጌ ካሴት ነው። ሠፈራችን የነበሩ አንድ አባት በገና ሲደረድሩ አባቴ እቤታቸው ሄዶ የቀዳው ነው። ድሮ ስንሰማው ከላይ ሹሹሹ የሚል ነገር ነበረው። የካሴቱ እርጅና ነው ብለን ትተነው ነበር። አሁን ያ ሹሹታ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ በርግጥ የካሴቱ ነው፤ ከላይ እኩል ይፈስሳል። ሌላው ግን ይበረታል፣ ይቀንሳል፣ እንደገና ይወርዳል። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው። በአንድ ቦታ የሆነ ሰው ወንበር ይስባል። እና በገናው! ወፍራሙ አውታር ሲነካ ንዝረቱ ይጀምርና ያድጋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይሳሳል። ጣትየው ሌላውን አውታር ሊነካ ሲል የፊተኛው ገና አላለቀም። የአባትየው ድምፅ ከሁለቱ ስፒከሮች መሃል፣ ከብፌው መስታወት ፊት ለፊት ይመጣል።

እማዬ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ስታዳምጥ ቆየችና "ያን ዕለት ዝናብ ነበር እንዴ?" አለች። ትንሽ አስባ "አዎ፣ አባትህ በስብሶ ነው የመጣ" ብላ ራሷ መለሰች።

ገመድ የማይፈታቸው ነገሮች አሉ። አመሻሽ ላይ መብራቱ ይዋዥቃል፣ ስታብላይዘሩም ጠቅ ጠቅ ይላል። ስፒከሮቹም ጥግ ላይ ስለተለጠፉ ቤዙ ይበዛል፤ ትንሽ ወደ ፊት ላወጣቸው ነው፣ ከእማዬ ጋር ስለ ምንጣፉ ከተስማማን። ካሴቱ ደግሞ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ድምፁ ይንቀረፈፋል። ሽማግሌው "እሱ ጎማው ነው፣ ላልቷል" አሉኝ። ልኩን ወስደው እየፈለጉልኝ ነው። ከፋሲካ በፊት ከተገኘ ራሳቸው መጥተው ይገጥሙልኛል።