ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል ሜይንፍሬም ማስተዳደር

የአሜሪካ መንግሥት የሜይንፍሬም (የትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ግዙፍ ኮምፒውተር) ሥራ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ካለው የሐበሻ ሠፈር ብዙ አይርቅም። የሶሻል ሴኩሪቲ ዋና መሥሪያ ቤት ባልቲሞር አጠገብ ዉድሎውን ነው፤ የታክስ መሥሪያ ቤቱ የአይአርኤስ ትልቁ የኮምፒውተር ማዕከል ዌስት ቨርጂንያ፣ ማርቲንስበርግ ነው። እነዚህ በአብዛኛው የሚጠይቁት «ፐብሊክ ትረስት» የሚባለውን የሠራተኛ ማጣሪያ ነው። «ሲክሬት»ና ከዚያ በላይ ያለው የምስጢር ፈቃድ (ክሊራንስ) የሚጠየቀው በይበልጥ በመከላከያ በኩል ነው። የሜይንፍሬሙ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዜድ ኦኤስ በሁሉም ቦታ ያው ነው። ምስጢር በሚያዝበት ቤት የሚለየው፣ ችግር ሲመጣ አምራቹ አይቢኤም በስልክ እንኳ ማሽኑን ሊያይላችሁ አለመቻሉ ነው። ሥራው ሁሉ በዚህ ዙሪያ ይሽከረከራል።

ፒቲኤፍ (አይቢኤም የሚያወጣው የሶፍትዌር ማስተካከያ) ማምጣትን እንውሰድ። ሌላ ቦታ የዜድ ኦኤስ የመጫኛ ፕሮግራም ኤስኤምፒ/ኢ ራሱ ከአይቢኤም ሰርቨር አዝዞ ያወርዳል። ዝግ ኔትወርክ ላይ ግን ትእዛዙ ውጭ ባለ ኮምፒውተር ይሰጣል፤ ጥቅሉ ወርዶ ለቫይረስ ይፈተሻል፤ ፋይል እንዲያሻግር የተፈቀደለት ሠራተኛ በተመዘገበ ዲስክ ያስገባዋል። ወደ ዜድ ኦኤስ ሲዛወር ባይነሪ (ሳይለወጥ እንዳለ) መሆን አለበት። ከአስኪ ወደ ኢቢሲዲክ (ከተራ ኮምፒውተር ወደ ሜይንፍሬም የፊደል ኮድ) ከተለወጠ ጥቅሉ ይበላሻል፣ ኤስኤምፒ/ኢም ሃሹ (የፋይሉ ማረጋገጫ ቁጥር) አልገጠመም ብሎ ይመልሰዋል። በትክክል ከገባ በዩኒክስ በኩል ባለው የኤስኤምፒኤንቲኤስ ዳይሬክተሪ ተቀምጦ በ«ሪሲቭ ፍሮምኤንቲኤስ» ትእዛዝ ይነበባል።

ብዙ ቦታ የሚረሳው ሆልድዳታ ነው። ፒቲኤፍ ከወጣ በኋላ ስህተት ተገኝቶበት «ፒኢ» ሊባል ይችላል፤ ይህን ለኤስኤምፒ/ኢ የሚነግረው ሆልድዳታ ብቻ ነው። ዲስኩ ተራ ሲጠብቅ ወራት ካለፉ፣ ጥቅሉ ውስጥ ያለው ሆልድዳታ አርጅቷል፤ ኤስኤምፒ/ኢ የታመመውን ፒቲኤፍ ያለ ቅሬታ ይጭነዋል። ስለዚህ አዲስ ፒቲኤፍ ባይኖርም ሆልድዳታው ለብቻው በየጊዜው ይግባ። ከዚያ «ሪፖርት ኤርሲስሞድስ» ሲሮጥ ቀድሞ ከተጫኑት ውስጥ ችግር ያለባቸውን ይዘረዝራል።

ጭነቱ ሲስተሙ በሚሠራበት ሲስሬስ (ዜድ ኦኤስ ያለበት ዲስክ) ላይ አይደረግም። ሲስሬሱ ከነታርጌት ዞኑ (ምን እንደተጫነበት ከሚይዘው መዝገብ ጋር) ይገለበጥና ቅጂው ላይ መጀመሪያ «አፕላይ ቼክ» (ሳይጭን የሚሞክር ትእዛዝ) ከ«ግሩፕኤክስቴንድ» (ተያያዥ ማስተካከያዎችን ከሚጨምረው) ጋር ይሮጣል። የሆልድሲስተም ማስታወሻዎች (ከጭነቱ ጋር ሰው ማድረግ ያለበትን የሚናገሩ)፣ በተለይ «አክሽን» የሚሉት፣ አንድ በአንድ ተነብበው ነው ባይፓስ የሚደረጉት (የሚታለፉት)። ሆልድኤረርን (ፒቲኤፉ ስህተት አለበት የሚለውን እገዳ) ባይፓስ ማድረግ ግን ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ሥራ ነው፤ እዚህ ቤት ደግሞ ዋጋው እጥፍ ነው። «አክሰፕት»ም (ጭነቱን ቋሚ የሚያደርገው ትእዛዝ) አይቸኮልም፤ «ሪስቶር» መልሶ የሚያወጣው አክሰፕት ያልተደረገውን ብቻ ነውና። አይፒኤሉ (ሲስተሙን ማስነሣቱ) ከአዲሱ ሲስሬስ ይደረጋል፣ ካልሆነም ወደ አሮጌው ይመለሳል። ፓርምሊብ (የማስነሻ መመሪያዎቹ ላይብረሪ) የተነካ ከሆነ አይኢኤሲስ በሚባለው መመሪያ ውስጥ ያለውን ኮማ ሁለቴ እዩ። መስመሩ መጨረሻ ላይ ኮማ ከጎደለ ሲስተሙ አለቀ ብሎ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ይተወዋል፤ የሚነሣው ግማሽ መመሪያ ይዞ ነው።

አሁን ወደ ደምፑ። ሲስተሙ ዌይት ስቴት ገብቶ ከቆመ አይፒኤል ከመደረጉ በፊት ስታንድ አሎን ደምፕ ይወሰድ፤ አይፒኤል ሜሞሪ ውስጥ ያለውን ማስረጃ ያጠፋዋል። ደምፕ ማለት የሜሞሪ ቅጂ ነው፣ ሜሞሪው ደግሞ ምስጢሩን ይዟል። ስለዚህ ደምፑ የማሽኑን የምስጢር ደረጃ ይወርሳል፣ ከክፍሉም አይወጣም። ከዜድ 15 ማሽን ጀምሮ አይቢኤም በደምፕ ውስጥ ያለን ስሱ መረጃ የሚሸፍን መሣሪያ ሠርቷል፤ ቢሆንም ይውጣ አይውጣ የሚወስነው የደኅንነት ኃላፊው ነው። ሌላ ቦታ ያለ ሲስፕሮግ (ሲስተሙን የሚያስተዳድር ባለሙያ) ደምፑን ልኮ መልስ ሊጠብቅ ይችላል፤ እዚህ ያለው ግን ደምፕ ማንበቢያውን አይፒሲኤስን ራሱ መቻል አለበት። መነሻው «ስታተስ ፌይልዳታ» የሚለው ትእዛዝ ነው፤ ቀጥሎ «ቨርብኤክስ ሎግዳታ» (የስህተት መዝገቡ)፣ ከዚያ «ሲስትሬስ» (የሲስተሙ የክንውን ዱካ)። ስህተቱ 0ሲ4 (የሜሞሪ አድሬስ ስህተት) ከሆነ ሪዝን ኮዱን እዩ፦ 4 የተከለከለ ቦታ መንካት ነው፤ 10 ወይም 11 ከሆነ ግን አድሬሱ ራሱ የለም፣ ብዙ ጊዜ የተበላሸ ፖይንተር ነው። ፕሮግራሙ ባልታሰበ ቦታ ከተገኘ ከየት እንደዘለለ የሚያሳየው ብሬኪንግ ኤቨንት አድሬስ ነው። ለአይቢኤም የሚወጣው በወረቀት የተገለበጠና የተፈተሸ ጥቂት መስመር ብቻ ስለሚሆን፣ የትኛው መስመር እንደሚበቃ ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው።

ሠራተኛውን ለምን ይህን ያህል ማጣራት? ሲስፕሮግ በራክፍ (በዜድ ኦኤስ የደኅንነት መቆጣጠሪያ) ውስጥ «ስፔሻል» የሚባለው ከፍተኛ ሥልጣን ባይኖረውም፣ በኤፒኤፍ (ልዩ ሥልጣን በተሰጣቸው ላይብረሪዎች) ዝርዝር ባለ አንድ ላይብረሪ ላይ መጻፍ ከቻለ ራክፍን የሚያልፍ ፕሮግራም ማስቀመጥ ይችላል። ኦዲተሮች አጥብቀው የሚፈልጉት ደግሞ በዝርዝሩ ስሙ ያለ፣ በዲስክ ላይ ግን የሌለ ላይብረሪ ነው፤ በዚያ ስም መፍጠር የሚችል ሰው ሥልጣኑን በነፃ ያገኛል። «ዲ ፕሮግ፣ኤፒኤፍ» ብሎ ዝርዝሩን አይቶ የሌለውን ማስወገድ የደቂቃዎች ሥራ ነው። «ሊንክኦዝ» የሚባለው መመሪያም ወደ «ኤፒኤፍታብ» ይለወጥ፤ ነባሪው በሊንክሊስት (ሲስተሙ ፕሮግራም በሚፈልግባቸው ላይብረሪዎች ዝርዝር) ያለን ሁሉ እንደተፈቀደ ይቆጥራል።

ወደ ክሊራንሱ ስንመጣ፣ የአሜሪካ ዜግነት የግድ ነው፤ ራስን ማመልከትም አይቻልም፣ ስፖንሰሩ አሠሪው ነው። ኤስኤፍ 86 ቅጹ የ10 ዓመት መኖሪያና ሥራ ይጠይቃል። የእኛን ሰው የሚያደናቅፉት ሌሎች ነገሮች ናቸው። የትውልድ ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀየር ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ላለው 7፣ ከዚያ በኋላ ላለው 8 ዓመት ይደመራል፤ በፓስፖርትና በትምህርት ማስረጃ ላይ ያለው ቀንም ይመሳከር። በእንግሊዝኛ የተለያየ አጻጻፍ ያለው ስም ሁሉ በሌሎች ስሞች ሥር ይጻፍ። ቅጹ ለውጭ ዜጋ የገንዘብ ድጋፍ አድርገህ ታውቃለህ ወይ ሲል፣ ለእናትና ለወንድም በየወሩ የሚላከውንም ማለቱ ነው። የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየምም ይጻፋል። ቢጫ ካርድም ያለ ቪዛ ስለሚያስገባ ቢጠቀስ ይሻላል። ገንዘብ መላክ ብቻውን ብዙም አያስጥልም፤ መደበቁ ግን ያስጥላል።

ክሊራንሱ ከተሰጠ በኋላም፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተሠራበት መመሪያ መሠረት፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ወደ ሀገር ቤት መሄድ አስቀድሞ ለደኅንነት ኃላፊው ይነገራል። ለቅሶ ቀጠሮ ስለሌለው፣ ቅጹን በምሽት ማን እንደሚቀበል ከወዲሁ ጠይቁ።